እኛ ያቻኮልናቸው ተርቦች

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ሽቶ ተቀባሁ። ድሬ ተወልዳ ያደገች ሴት ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያለ ሽቶ ሥራ ገባች ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ። ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ መዓዛ ያለው ሳሙና፣ ከቅዳሜ ከሰዓት በቀር አይነካኝም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የመነኩሴ ባል አደረግሽኝ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የምውለው ከተርብ ጋር ነው፤ ተርብ ደግሞ ዓለምን የሚያውቀው በማሽተት ነው።

ተርብ ስል ጣሪያ ሥር ቤት የሚሠራውን፣ የሚናደፈውን ማለቴ አይደለም። የኔዎቹ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ሰው የማይነኩ፣ ያላወቃቸው ትንኝ ናቸው ብሎ የሚያልፋቸው ናቸው። እናቲቱ የአገዳ ቆርቁርን ታድናለች፤ ማሽላ አገዳ ውስጥ ገብቶ ልቡን የሚበላውን ትል ማለት ነው። ስታገኘው ትወጋውና ዕንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ እሱን በልተው ያድጋሉ። ትሉ ይሞታል፣ ማሽላው ይተርፋል። ጥገኛ ተርብ ይሏቸዋል። የኛ ሥራ እነሱን አራብቶ ገበሬው ማሳ ላይ መልቀቅ ነበር።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ትምህርቴን አቋረጥኩ። ቆይቼ፣ ሳቢያን ሰፈር ዳር ያለ አንድ የሰብል ጥበቃ ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ገባሁ። የሰፈሩ ሰው ጣቢያውን «ትል ቤት» ነው የሚለው። ደመወዙን አታንሱት፣ ያኔም አይወራም፣ ዛሬም አይወራም።

በመጀመሪያው ቀን ለብሼ፣ ተኳኩዬ፣ ሽቶዬን ነስንሼ ሄድኩ። ጋሽ በለጠ በር ላይ አስቆሙኝ። የጣቢያው ተመራማሪ እሳቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው።

«እመቤቴ፣ ሠርጉ የት ነው?» አሉኝ።

«የምን ሠርግ?»

«ሚዜ መስለሽኝ ነው። ሂጂና ታጠቢ። በሳሙና አይደለም፣ በውሃ።»

ዕንባዬ መጣ። ሹፌራችን ጂብሪል መኪናው ላይ ተደግፎ ሁሉንም ሰምቷል። «አቦ አትከፊ!» አለኝ። «እኔንም ትናንት ሽንኩርት በልተሃል ብሎ አባሮኛል።» ድሬ አንቱታ ብዙም አይገባውም፤ ጂብሪል ጋሽ በለጠን ፊት ለፊት «አንተ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን የባቡር ቤተሰብ ልጅ ነኝ፣ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንዳልኩ ቀረሁ።

መጥረጊያ ይዤ ስገባ ስወጣ ዓይኔ ተርቦቹ ካሉበት መስታወት አልነቀል አለ። ጋሽ በለጠ አዩኝና መጥረጊያውን ተቀበሉኝ። «ተቀመጪ። ለሳምንት ያህል ምንም አትንኪ፣ እዪ ብቻ» አሉኝ። ያስተማሩኝ እንደዚህ ነው። የተርብ ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ይቆማሉ፣ የእጃቸው ሙቀት እንዲወርድ። ሣጥን ላይ አይናገሩም፣ ትንፋሽ ተርቦቹን ያስደነብራቸዋል። ከሰዓት ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እሳቸው ያን ጊዜ ነው የሚነቁት። አንድ ቀን ወረንጦ አጥብቄ አንዷን ጨፈለቅኋት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በማጉያ መነጽሩ ሥር አስቀመጧት። «የሰበርሽውን እዪ» አሉ። እግሯ፣ ወገቧ፣ ክንፏ። ከዚያ በኋላ ያበላሸሁትን ሁሉ ሳላይ አልጥልም ነበር። እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ የተርቡን ነገር ከመስታወቱ ላይ ለቀምኩ። መጥረጊያውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ያን ሳምንት መጀመሪያ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ወንዱ ክንፉን እያርገበገበ ከኋላዋ ይመጣል። ጀርባዋ ላይ ይወጣና አይቸኩልም። ሁለቱን ረጃጅም ቀንዶቹን፣ አንቴና የሚሏቸውን፣ ወደፊት ዘርግቶ የሷን ቀንዶች ከታች ወደ ላይ ይዳስሳል፣ ይመለስና እንደገና ይዳስሳል። ቀንዷን ዝቅ አድርጋ ጸጥ ትላለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ካልዳሰሳት ተራግጣ ትሄዳለች።

«ምን ብሏት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅሁትን በአንድ ሳምንት ጠየቅሽኝ» አሉ።

መልሱ ቀንዱ ውስጥ ነው። ቀንዱን ቆርጠን ሰም ውስጥ እንቀብረዋለን። ሰሙ ሲረጋ ስለታም ምላጭ ባለው መሣሪያ እንከትፈዋለን፤ ክትፋቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ድሬ ለሰም የምትመች ከተማ አይደለችም። ረፋድ ሲሆን ሰሙ ይልፈሰፈሳል፣ ክትፋቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ ገና በማለዳ እንጀምራለን፣ ጂብሪልም ከጭማቂ ቤት በረዶ ይዞ ይመጣል። «ለዝንብ ቀንድ በረዶ! ወላሂ እኔ ራሴ እንዲህ ቀዝቅዤ አላውቅም» ይላል። ክትፋቱ ለብ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በቀጭን ብሩሽ እየገፋሁ መስታወት ላይ አወጣዋለሁ። ቀለም ሲጠጣ ዕጢው ይታያል፦ ከቀንዱ ቆዳ ሥር ተደርድረው የተቀመጡ ወይን ጠጅ ሕዋሶች፣ ከየአንዳንዱ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀጭን ቦይ፣ የቦዩ አፍ ላይ ቀዳዳ። ወንዱ ሲዳስሳት ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣውን ነው የሚቀባት።

«ሽቶ ነዋ!» አልኩ። «እኔን ከልክለው ለሱ ፈቀዱለት?»

ጋሽ በለጠ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሳቸው ትልቁ ጉዳይ ግን የዕጢው ዘር ማንዘር ነበር። ከማንጎው ቅጠል፣ ከግራሩ፣ ከአጥሩ ቁጥቋጦ የኛን ተርብ ዘመዶች እየለቀሙ ሁሉንም ቀንዳቸውን አስከተፉኝ። አንዳንዱ ዕጢው ያለው አንድ አንጓ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዱ ተከታታይ አንጓዎች ላይ አለው። አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለውም፣ ባዶ ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል እንግዲህ እዚህ ጋ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግሁ ነኝና ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

«ጋሽ በለጠ፣ ይኼ ነገር ኃጢአት አይሆንም?»

«ማየት ኃጢአት ከሆነ ሁለታችንም አልቆልናል» አሉና በጠመኔ ግድግዳው ላይ ደቻቱን ሣሉ፣ ያንን ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ። «ከገበያው ተነስተሽ በአሸዋው ወደ ተራራው ብትሄጂ ወንዙ ይከፈላል፣ አሁንም ይከፈላል። እነዚህ ተርቦች ከአንድ ጥንታዊ ተርብ ተነስተው እንደዚያ ተከፋፍለዋል። ያ ጥንታዊው ዕጢ ነበረው? ከነበረው የነዚህ ባዶዎቹ የትኛው መታጠፊያ ላይ ጠፋ? ለምን ጠፋ?»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ሴቷ መጠየቅ ስትተው። ማንም የማይፈልገውን ነገር ትውልድ ከትውልድ እየቀነሰ ይወርሳል።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ። ብዙ ሺህ» አሉ።

ይህን ስንባባል ምን እየሠራን እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል።

አዲስ የመጣው ኃላፊያችን ሰላምታው «ስንት ሣጥን?» ነበር። እግዜር ይስጠው፣ እሱንም ከበላዩ ያሉ ሰዎች እንደዚያው ነው የሚጠይቁት። ብዙ ተርብ ማውጣት ነበረብን፣ ለዚያ ደግሞ ብዙ ሴት። የተርብ ነገር እንዲህ ነው፤ ከወንድ ጋር ያልተገናኘች እናት ዕንቁላል መጣሏ አይቀርም፣ ግን የምትወልደው ወንድ ብቻ ነው። ወንዱ ደግሞ ትል አይወጋም። ስለዚህ ሴትና ወንዱን በጠባብ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እናገናኛቸዋለን። ቶሎ የተገናኙትን ለዘር እናስቀራለን። የሚዘገዩትን፣ ሲዳስሱ ሲለማመጡ የሚውሉትን፣ በመስኮት ወደ ውጭ። ይህን አሠራር ያወጣነው እኔና ጋሽ በለጠ ነን፣ በደስታም ነው ያወጣነው። ቱቦውን የምይዘው እኔ፣ የምመርጠውም እኔ።

ወቅት አልፎ ወቅት ሲመጣ ወንዶቹ እየፈጠኑ ሄዱ። መጀመሪያ መዳሰሱን አሳጠሩት። በኋላ አንዴ ነካ ብቻ። በመጨረሻ ቀጥታ መውጣት ሆነ። ሴቶቹም ዝም ይላሉ፣ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ የት ይሄዳሉ?

«አደብ ያጡ!» እል ነበር።

«ጊዜ ቆጠቡልን» ይላሉ ጋሽ በለጠ። ኃላፊው ሣጥኑን ሲያይ ፊቱ በራ። ሁላችንም ደስ ብሎናል።

ከድሬ ወጣ ብሎ ያለው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ የሄድነው በዚያ ደስታ ነው። ማሳዋን የሰጠችን ሐሊማ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከግመሎቹ ጋር ራቅ ብሎ ነው የሚውለው፣ ማሽላው የሷ ነው። ጂብሪል «ኤዶ» ይላታል፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው፣ እያስተረጎመ ያግባባናል። ሣጥኖቹን ማሳው ውስጥ ከፈትን፣ ተርቦቹ እንደ ጭስ ወጡና ጠፉ።

«ይኼው ነው?» አለች ሐሊማ። «ይኼን ለመልቀቅ ነው ይኼ ሁሉ መኪና?»

«ትንሽ ናቸው እንጂ ሥራቸው ትልቅ ነው» አልኳት።

ከዚያ ከባዱን ነገር ጠየቅናት። ቢዮ አዋሌ አካባቢ ማሽላ ሲታጨድ ማሳው ላይ የቀረውን አገዳ ያቃጥሉታል፣ ቆርቁሩ ውስጡ እንዳይከርም። ጋሽ በለጠ ግን «አገዳውን እንዳለ ተዪልን። ትሉ ውስጥ የኛ ልጆች አሉ፤ ብታቃጥዪው እነሱም ያልቃሉ» አሏት። አጎራባቿ ከድጃ ድንበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ሐሊማ፣ ትል ልታረቢብን ነው?» አለቻት።

«ሰዎቹ ተምረዋል፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለች ሐሊማ። ወደኛ ዞራ ደግሞ፣ «ቃሌ ቃል ነው፣ አላቃጥልም» አለች።

አላቃጠለችም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያቃጥል የሷ አገዳ ቆሞ ከረመ። ዝናብ ጥሎ አዲሱ ማሽላ ጉልበት ሲደርስ ሄድን። የመሃሉ ቅጠል ደርቋል፤ ሳብ ሳደርገው እንደ ላባ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሌላው እንደዚያው። ሌላውም። የሐሊማ ማሳ አልቋል፣ ድንበር ተሻግሮም የከድጃ አልቋል። ከሐሊማ አገዳ ውስጥ የከረመው ቆርቁር ነበር የበላው። አገዳ እየሰነጠቅን የተርቦቻችንን ነጫጭ ሙሽሬ፣ ልጆቻቸው ተጠቅልለው ክንፍ የሚያወጡበትን ድር፣ ፈለግን፤ ጥቂት አገኘን። ጣቢያ ወስደን ብንጠብቃቸው የተፈለፈሉት ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ።

ጋሽ በለጠ የመጀመሪያውን ዘመን መስታወቶች አወጡ፤ እኔ መክተፍ የተማርኩባቸውን። አጠገባቸው የዚያን ዓመት ወንዶች ቀንድ ከትፌ አስቀመጥኩ። የድሮው ዕጢ ሙሉ ነው፣ ሕዋሱ ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። የአዲሱ እዚህም እዚያም ብትን ያለ፣ የከሳ፣ አንዳንዱ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሰፊ ማሳ ላይ ሴቷ የቱቦ ግድግዳ የላትም፤ ያልዳሰሳትን ትታው ትበራለች። ሳትገናኝም ወንድ ብቻ ትወልዳለች። በሚቀጥለው ትውልድ ትል የሚወጋ የለም።

«ብዙ ሺህ ዓመት ብዬሽ ነበር» አሉ ጋሽ በለጠ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። «ብርቄ፣ የመረጥናቸው እኛ ነን።»

በዚያው ቀን «ሐሊማ ዘንድ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ» አሉ። እኔም የሳቸው ነገር ነው፣ እሳቸው ይናገሩት ብዬ ተውኩት። ከዚያ የተርቡ ፕሮጀክት ተዘጋ፣ መኪናው ለሌላ ሥራ ተሰጠ። ጋሽ በለጠን ጡረታ አወጧቸውና ልጃቸው ዘንድ አዳማ ሄዱ። አንድ ጊዜ ስልክ ደውለው ስለ ተርቦቹ ብዙ አወሩኝ። «ቢዮ አዋሌ ሄዱ?» አልኳቸው። «እሄዳለሁ» አሉኝ። ቀብራቸው ላይ እንኳ አልደረስኩም፣ የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። የተርብ ክፍሉ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። እኔ ቀሪ ዘመኔን የዘር ከረጢት ላይ ስም ስጽፍ ጨረስኩ፣ ሽቶ ያለመቀባቱ ልማድ ግን አልለቀቀኝም። ስሸኝ ጋቢ አለበሱኝ፣ ተጨበጨበ፣ ስለ ተርብ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ጂብሪል አሁን የራሱ ባጃጅ አለው። ባለፈው ከገበያ ሲመልሰኝ፣ «ኤዶ ሐሊማን ታስታውሻታለሽ?» አለኝ።

«የቢዮ አዋሌዋን? እንዴት እረሳታለሁ!»

«እዚሁ ሳቢያን ናት እኮ፣ ከልጇ ከሙና ጋር። አንቺ ዳቦ ከምትገዢበት ሱቅ ጀርባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየች አቦ።»

ዓመታት ሙሉ ዳቦ ስገዛ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች ማለት ነው። እቤት እንኳ ሳልገባ ዘምቢሌን እንደያዝኩ እዚያው አውርደኝ አልኩት።

ሐሊማ በር ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። «የተርቧ ሴትዮ!» አለች፣ ከተማ ከገባች ወዲህ አማርኛ ለምዳለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ እጄን ያዘች፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሽማግሌው ጠየቀችኝ። ሞቱ ስላት አላህ ይርሐማቸው አለች። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት፣

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

«ማንን?»

«ልጆቻችሁን። ተርቦቹን። አንድ ቀን ባሌ ግመሎቹን ይዞ መጣ፣ ዝንብ ሲያስቸግራቸው ጭስ አጨስኩላቸው። ነፋሱ ዞረና ጭሱ ማሳው ውስጥ ገባ። ለጂብሪል እንኳ አልነገርኩም፣ አፈርኩ። ከድጃ ‹ልጆቼን ያስራብሽው አንቺ ነሽ› ስትለኝ እውነቷን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ውኃ ስንቀዳ ፊቷን ታዞራለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ማሳውን ትቼ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

እጄን ከእጇ አላወጣሁም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ፈጣኖቹ ወንዶች። ያቀረብንላት ተርቦች ከጣቢያ ሲወጡ የተበላሹ እንደነበሩ፣ ብታጨስም ባታጨስም ያው እንደሆነ። አማርኛዬን ቀለል እያደረግሁ፣ በጣቶቼ እንደ ቀንድ እያሳየሁ።

«ጭሱ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ሽማግሌው ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«አንቺስ?»

«አውቅ ነበር።»

እጇን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ «ሙና!» ብላ ተጣራች። ሙና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከፈረቃ ገና መመለሷ ነው፣ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም።

«ቁሚና ስሚ» አለቻት። ወደኔ ዞረች። «ለሷ እንደገና ንገሪያት። ከመጀመሪያው።»

እንደገና ተናገርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሙና በሩን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከዚያ በለሆሳስ፣ «ከድጃስ? ይኼን ሰምታ ነው የሞተችው?» አለች።

ከድጃ መሞቷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«አልሰማችም» አልኩ።

ሐሊማ ምንጣፉን ዳር ዳሩን በእጇ ስታስተካክል ቆየች። «ልጆቿ ቢዮ አዋሌ አሉ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ለጂብሪል ንገሪው፣ ይውሰደን። አንቺ ትናገሪያለሽ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ሲሰሙ አያቸዋለሁ።»